ሁለት ወር ያንከራተተኝን ኮምፒውተር ላዳነልኝ የማርቆስ ልጅ

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ በተለይ ደብረ ማርቆስና በዙሪያው ላላችሁ። ይህን የምጽፈው በአደባባይ ላመሰግነው የሚገባኝ ሰው ስላለ ነው። ጽሑፉ ረዘም ይላል። የሠራውን ሥራ በዝርዝር ካልተናገርኩ ምስጋናዬ ባዶ ቃል ይሆንብኛል። እንደኔ ኮምፒውተሩ በራሱ ጊዜ እየጠፋ የተቸገረ ካለም ይጠቅመዋል።

የምተዳደረው ቤቴ ውስጥ በጽሕፈት ሥራ ነው። ማመልከቻ፣ የዕድር ሒሳብ፣ የሠርግ ጥሪ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ። ለገበሬ ኅዳር እንደሆነው ለእኔ ግንቦት ነው፤ የዓመቱ እንጀራዬ የሚሰበሰበው ያኔ ነው። ያለኝ መሣሪያ ደግሞ ያገለገለ የገዛሁት አንድ ዴስክቶፕ ብቻ።

ዘንድሮ ከሚያዝያ መግቢያ ጀምሮ ይህ ኮምፒውተር ዓመሉ ተለወጠ። አንዳንዴ ስክሪኑ ሰማያዊ ይሆንና የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አውጥቶ ራሱ ይነሣል። አንዳንዴ ባለበት ይደርቃል፣ ማውሱም አይንቀሳቀስ። አንዳንዴ ደግሞ ምንም ሳይል ድርግም። ሦስት ቀን ደህና ሰንብቶ በአራተኛው ቀን አምስት ጊዜ ይጠፋል። የሚያስጨንቀውም ይኸው ነው፤ ሁልጊዜ ቢጠፋ ኖሮ ተበላሸ ብዬ እተወው ነበር።

አንድ ቀን አንዲት ተመራቂ አጠገቤ ቁጭ ብላ የመጨረሻውን ምዕራፍ እያስተካከልን ሳለ ጠፋ። ሲነሣ ፋይሉ አልከፈት አለ። ያስቀመጥነው ቅጂ የጠዋቱ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የሠራነው 14 ገጽ የለም። ልጅቱ ለአፍታ ዝም አለችና «ምንም አይደል እትዬ፣ እንደገና እንጽፈዋለን» አለችኝ። እንባዋን ግን አይቻለሁ። ያን ሌሊት እስኪነጋ ጻፍኩላት።

እዚህ ከመድረሴ በፊት ሁለት ቦታ ወስጄው ነበር። የማንንም ስም አላነሣም። አንደኛው ዊንዶውሱን ፎርማት አድርጎ እንደ አዲስ ጫነልኝ። አራት ቀን ሠራ፣ በአምስተኛው ቀን ያው ሆነ። ሁለተኛው አብርቶ ለአንድ ሰዓት ያህል አየውና «ማዘርቦርዱ ሄዷል፣ 9,000 ብር ያስፈልጋል» አለኝ፤ ማዘርቦርድ የኮምፒውተሩ ዕቃዎች ሁሉ የሚሰኩበት ዋናው ሰሌዳ ነው። በምን እንዳወቀ ስጠይቀው ልምድ ነው አለኝ። ገንዘቡ ስላልነበረኝ ይዤው ተመለስኩ። ዛሬ ሳስበው ባይኖረኝ ይሻል ኖሯል፤ ማዘርቦርዱ ምንም አልሆነም ነበርና።

ወደዚህ ልጅ የላከችኝ ማኅበር አብረን የምንጠጣ ጎረቤቴ ናት። ሱቁ ጠባብ ናት፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ጎን። ሲፒዩውን ተሸክሜ ስገባ ወዲያው አልፈታውም። ወንበር ሰጠኝና ይጠይቀኝ ጀመር። «እትዬ፣ ሲጠፋ ምን እየሠሩ ነበር? በስንት ሰዓት? ሰማያዊ ይሆናል ወይስ ዝም ብሎ ይጨልማል? ሲጨልም የቤቱ አምፖልስ?» ግማሹን አልመለስኩለትም፤ አስተውዬው አላውቅም። እሱም አልሰለቸም። በቅድሚያ ያለኝን ፋይል ሁሉ ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጠልኝ፣ ሃርድ ዲስኩንም መረመረና ጤነኛ መሆኑን ነገረኝ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ «አሁን ብፈታው የምነግርዎ ግምት ነው። ወደ ቤት ይውሰዱትና በጠፋ ቁጥር በደብተር ይጻፉልኝ።»

ለዚያ ቀን ምንም አላስከፈለኝም።

እውነቱን ለመናገር ቅር ብሎኝ ነበር የወጣሁት። ደብተሩን ግን ያዝኩ። የልጄን አሮጌ ደብተር ወስጄ አራት መስመር ከላይ ወደ ታች አሰመርኩ፦ ሰዓት፣ አጠፋፉ፣ የተከፈተው ሥራ፣ አምፖሉና የኤሌክትሪክ ምጣዱ። በዘጠኝ ቀን ውስጥ 13 ጊዜ ጠፋ። ደብተሩን ስወስድለት ቆሞ አነበበውና በእስክሪብቶ አንዳንዱን መስመር ያከብብ ጀመር። ሲጨርስ አዙሮ አሳየኝ። ስምንቱ ሰማያዊ የሆነበት ወይም የደረቀበት ነው፤ ጠዋትም ቀትርም ሌሊትም አለ። አምስቱ ድርግም ያለበት ግን ሁሉም ከምሽቱ 12 እስከ 2 ሰዓት ባለው ውስጥ ነው። ከአምስቱም በሦስቱ አጠገብ በራሴ እጅ «ምጣድ ተጥዶ ነበር» የሚል ተጽፏል።

«እትዬ፣ ይህ አንድ በሽታ አይደለም፣ ሁለት ነው» አለኝ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኔ ደብቄው አልነበረም፤ እስከዚያ ቀን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም እንጂ።

ከዚያ ዊንዶውስ ራሱ የሚይዘውን መዝገብ፣ ኢቨንት ቪወር የሚባለውን ከፈተ። ኮምፒውተሩ በሥርዓት ሳይዘጋ በጠፋ ቁጥር ሲነሣ 41 ቁጥር ያለው፣ ኬርነል ፓወር የሚል ቀይ ምልክት ይመዘግባል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ጥፋቱ የፓወር ሰፕላዩ (ለኮምፒውተሩ ዕቃዎች ኃይል የሚያከፋፍለው ሣጥን) ነው ብሎ ይደመድማል አለኝ። እሱ ግን እያንዳንዱን ከፍቶ ውስጡን አሳየኝ። ሰማያዊ በሆነባቸው ቀናት የስሕተት ቁጥር ተጽፏል፤ አንዱ ላይ 26፣ ሌላው ላይ 80፣ ሌላው ላይ 10። ድርግም ባለባቸው ምሽቶች ላይ ግን 0 ነው፤ ኮምፒውተሩ ስሕተቱን ለመጻፍ እንኳ ጊዜ ሳያገኝ መብራት የተቋረጠበት ማለት ነው። መዝገቡና የእኔ ደብተር አንድ ሆኑ።

ሰማያዊውን በተመለከተ ያስረዳኝን ልንገራችሁ፣ እንዲህ ግልጽ አድርጎ የነገረኝ ሰው የለምና። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቁጥር ቢወጣ አንድ የተወሰነ ድራይቨር (ዊንዶውስን ከአንዱ ዕቃ ጋር የሚያገናኝ) ወይም ሌላ ፕሮግራም ይጠረጠራል። በየጊዜው የተለያየ ቁጥር ሲወጣ ግን መጀመሪያ የሚመረመረው ራሙ ነው፤ ኮምፒውተሩ እየሠራበት ያለውን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ማለት ነው። ራም ላይ አንዲት የተበላሸች ቦታ ብትኖር፣ እዚያች ቦታ ላይ የሚያርፈው ሥራ በየጊዜው ይለያያል። ዛሬ ዎርድ፣ ነገ ዊንዶውስ ራሱ። ማንም ካላረፈባት ደግሞ ሦስት ቀን ሰላም ነው። ፎርማት ከተደረገ በኋላ አራት ቀን መሥራቱም እንዲያው የተገጣጠመ እንጂ የዳነ አልነበረም። የዚያች ልጅ ፋይል አልከፈት ያለውም በዚሁ ሳይሆን አይቀርም፤ የተበላሸች ቦታ ላይ ያለፈ ጽሑፍ ተበላሽቶ ይቀመጣል።

ራሞቹ ሁለት ነበሩ፣ እያንዳንዳቸው 4 ጊጋባይት። በማርከር አንዱ ላይ «ሀ»፣ ሌላው ላይ «ለ» ጻፈባቸው። የወርቅማ ጥርሶቻቸውን በተማሪ ላጲስ ቀስ አድርጎ ጠርጎ መለሳቸውና ሜምቴስት የሚባለውን መመርመሪያ በፍላሽ አስነሣው። ይህ ዊንዶውስ ሳይነሣ የሚሠራ ነው። የመጀመሪያው ዙር ንጹሕ ሆኖ አለፈ። እኔ ደስ ብሎኝ ልነሣ ስል «ይቆዩ፣ አንድ ዙር አይበቃም፣ ሌሊቱን ይደር» አለኝ። በማግሥቱ ስመለስ ስክሪኑ ላይ ቀይ መስመሮች ተደርድረዋል፤ በሦስተኛው ዙር ነው የያዘው።

እዚህም አላበቃም። «ሀ»ን ለብቻው አሳደረው፣ ንጹሕ። «ለ»ን ለብቻው አደረገው፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ቀይ። ከዚያ «ለ»ን ነቅሎ «ሀ» የነበረበት ስሎት (መሰኪያ) ላይ ሰካው፣ አሁንም ቀይ። ይህን ለምን እንደሚያደርግ ስጠይቀው «ጥፋቱ የስሎቱ ቢሆን ኖሮ ማዘርቦርዱ ነው ማለት ነበር፤ ጥፋቱ ግን ራሙን ተከትሎ ሄደ» አለኝ። ያ 9,000 ብር የተጠየቀበት ማዘርቦርድ ነጻ የወጣው በዚያች ደቂቃ ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚቀይረው። ሁለት ነገር አብሮ ከተቀየረ የትኛው እንዳዳነው አይታወቅም ይላል።

እግረ መንገዱን አቧራውን አጸዳልኝ። አየር በብሎወር ሲነፋ ፋኗን በጣቱ ያዝ አድርጎ ነው፤ ለቅቋት በኃይል ብትሽከረከር ትጎዳለች አለኝ። ሙቀቱን ደግሞ ኮምፒውተሩን በሥራ ወጥሮ ለካ፣ 68 ዲግሪ። ሙቀት አይደለም ብሎ ከዝርዝሩ ሰረዘው።

«ለ»ን በሌላ ራም ለውጦ ሲሰጠኝ ግን አንድ ነገር ተናገረ፤ ያከበርኩትም ያኔ ነው። «ግማሹ ነው የተገኘው። የምሽቱ ገና ነው፣ ዳነ ብዬ አልሸኝዎትም።» ሙሉውን ዋጋ ተቀብሎኝ ቢሸኘኝ ማን ያውቅበት ነበር? እንዳለውም ሰማያዊው ከዚያ ወዲያ አልታየም፤ በአምስተኛው ቀን ምሽት ግን ድርግም አለ።

ስደውልለት በማግሥቱ ምሽት ሱቁን ዘግቶ በእግሩ ቤቴ ድረስ መጣ። መልቲሜትሩን ሶኬቱ ላይ ሰካ። 220 ሊሆን የሚገባው 194 ቮልት ነበር፤ ሁሉም ሰው ራት የሚያበስልበት ሰዓት ነው። «አሁን ምጣዱን ይሰኩ» አለ። ልጄ ሰካችው። 171። አምፖሉ ሲፈዝ ሁላችንም ቀና ብለን አየነው፣ ለዓመታት ያየነው መፍዘዝ ነው፣ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝተነው ግን አናውቅም። ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፣ የእኔ ደግሞ ከኮምፒውተሩ ጋር በአንድ መስመር ላይ ነበር። በላዩ ላይ የተጠቀምኩበት ኤክስቴንሽን ውስጡ ጠቁሮ ላልቷል፤ ሲነካው ይሞቃል።

ፓወር ሰፕላዩ ከኋላው ቀይ ማብሪያ ያለው፣ 230 እና 115 የተጻፈበት አሮጌ ዓይነት ነው። እንዲህ ያለው መብራት በጣም ሲወርድ አይችልም። ኮምፒውተሩን በሥራ ወጥሮ 12 ቮልት የሚሰጠውን ሽቦ ለካው፣ 11.1 ሆነ። ከ11.4 በታች መውረድ የለበትም። በወንፊቱ በባትሪ እያበራ ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች (ኃይል የሚያጠራቅሙ ትንንሽ ዕቃዎች) አናታቸው ማበጡን አሳየኝ። ሁለት ነገር አጥብቆ አስጠነቀቀኝ፣ እኔም ለእናንተ አስተላልፋለሁ፦ ያንን ቀይ ማብሪያ መብራት ወረደ ብላችሁ ወደ 115 እንዳታዞሩት፣ ያቃጥለዋል። ፓወር ሰፕላይ ከሶኬት ተነቅሎም ውስጡ ኃይል ያስቀራልና ራሳችሁ እንዳትከፍቱት።

አዲስ ግዢ ግን አላለኝም። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበል ፓወር ሰፕላይ ከሱቁ አምጥቶ «ለሳምንት ይሞክሩት፣ ከጠፋ ይመልሱልኛል» ብሎ አስሮልኝ ሄደ። ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየውን ባትሪ፣ ልግዛ ወይ ብዬው ነበር። «መጀመሪያ መስመሩ ይለይ፣ ገንዘብዎን እዚያ ላይ ያውጡ» አለኝ። ባለቤቴ የኤሌክትሪክ ባለሙያ አምጥቶ ለምጣዱ ወፍራም ሽቦና የራሱ ብሬከር አስገባለት። ኤክስቴንሽኑንም ጣልነው።

ሳምንቱ አለፈ፣ ወሩም አለፈ። በሰኔ ዝናብ፣ መብራቱ እንደ ልማዱ ከፍ ዝቅ እያለ፣ ምጣዱም ተጥዶ፣ ኮምፒውተሩ አንድም ቀን አልጠፋብኝም። ሰባት መመረቂያ ጽሑፍ አስረክቤበታለሁ። ያች ልጅም ተመረቀች፤ መጥታ ስማኝ ሄደች።

ለዚህ ሁሉ ቀን ልፋት የጠየቀኝ የእጅ ዋጋ 600 ብር ነው። የዕቃውን የገዛበትን ደረሰኝ አሳይቶ ያንኑ ተቀበለኝ። የተበላሸውን ራምና አሮጌውን ፓወር ሰፕላይም አስረከበኝ፣ ዕቃው የእርስዎ ነው ብሎ። ልጨምርለት ብል በግድ መለሰልኝ። ልጄ፣ ይህን ካነበብክ፣ በዚያ ምሽት ራት ሳትበላ ከቤቴ መውጣትህ እስካሁን ይቆጨኛል። ቡናውን እንኳ ቆመህ ነው የጠጣኸው። እጅህ ይባረክ፣ ወላጆችህን እግዚአብሔር ያክብርልህ።

ስሙንና ስልኩን እዚህ አላወጣሁም፤ ሳያስፈቅዱ የሰው ስልክ ማውጣት አልወድም፣ እሱም መታየት የሚወድ ልጅ አይደለም። የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ራሴ አገናኘዋለሁ። ከፍኖተ ሰላም፣ ከደምበጫ፣ ከቢቸና የምትመጡ ካላችሁ አስቀድማችሁ ደውሉለት፣ ምርመራው ቀናት ስለሚወስድ በአንድ ቀን እመለሳለሁ ብላችሁ እንዳትመጡ። ሲፒዩውን ብቻ ሳይሆን የመብራት ገመዱንና ኤክስቴንሽኑንም ይዛችሁ ሂዱ። ከዚያ በፊት ደግሞ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት የጠፋበትን ሰዓት ጻፉ፤ ሱቁ ስትገቡ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።