ለ1932 ፎርድ የተገዛ አሉሚኒየም ራዲያተር፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ዴንቨር በሚገኘው ጋራዤ የገነባሁት መኪና የ1932 ፎርድ አካል ሲኖረው፣ ሞተሩ ግን 5.7 ሊትር የሸቭሮሌት ቪ8 ነው። ፎርድ በዚያ ዓመት ያቀረበው ቪ8 ሞተር ጉልበቱ 65 ፈረስ ነበር፤ ያ ጠባብና ቁመታም የራዲያተር ቦታ ዛሬ ከእጥፍ በላይ ጉልበት ያለውን ሞተር እንዲያቀዘቅዝ ይጠበቅበታል። የውሃ ቱቦዎቹ በሁለት ሰፊ ረድፍ የተደረደሩ አሉሚኒየም ራዲያተር የገዛሁትም ለዚሁ ነው።

ሻጮች ስለ ረድፍ ብዛት አብዝተው ይናገራሉ፤ ስለ አየር ግን እምብዛም አያነሡም። መኪናው አውራ ጎዳና ላይ በ82 ዲግሪ ሴልሺየስ ተከፍቶ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ ከሚያሳልፈው ቴርሞስታት ሙቀት ብዙም ሳይርቅ ይሄድና፣ የትራፊክ መብራት ላይ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሲቆም ከ105 ያልፍ ነበር። ቆሞ የሚግልና ሲሮጥ የሚበርድ ሞተር የጎደለው አየር ነው፤ በፍጥነት ሲነዳ የሚግል ከሆነ ግን የውሃውን ዝውውር፣ የራዲያተሩን አቅም፣ ወይም በፓምፑ መሳብ የሚጣበቀውን የታችኛውን ቱቦ መመርመር ይገባል። ከራዲያተሩ ጋር የቀረበልኝ የኤሌክትሪክ ፋን ራዲያተሩ ላይ በቀጥታ የሚታሰር በመሆኑ ከፋኑ ክብ ፊት ለፊት ባለው የራዲያተሩ ክፍል በኩል ብቻ አየር ይስብ ነበር፤ ሙሉውን ፊት የሚሸፍን የቆርቆሮ ከለላ ሠርቼ ፋኑን ጥቂት ሴንቲሜትር ካራቅሁት በኋላ መርፌው ከ93 አላለፈም። ይህ ከለላ ከዕቃው ጋር አብሮ መሸጥ ነበረበት ባይ ነኝ።

በከፍታ ላይ ግን ራዲያተሩ ዋጋውን አስመስክሯል። በዴንቨር ከፍታ ውሃ በ95 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ኩላንቱ (የማቀዝቀዣ ፈሳሹ) እና ግፊት የሚይዘው ክዳን ይህን ወደ ላይ ቢገፉትም፣ ከዴንቨር በስተምዕራብ ወዳለው የአይዘንሃወር የመኪና መንገድ ዋሻ፣ ማለትም ወደ 3,400 ሜትር ገደማ በሚወጣው ዳገት ላይ አየሩ ስለሚሳሳ የሚሸከመው ሙቀትም ያንሳል። በዚያ መንገድ አንድም ጊዜ አላፈላም። አዲስ አበባ ያደግን ሰዎች ሞተር ሲግል ቴርሞስታቱ ወልቆ ሲጣል አይተናል፤ እዚህ ግን በብርዱ ወራት ሞተሩ የሥራ ሙቀቱ ላይ ሳይደርስ እየሠራ ቶሎ እንዲያልቅ ከማድረግ በቀር ትርፍ የለውም።

የራዲያተሩ መሙያ አፍ ከቴርሞስታቱ ቤት ዝቅ ያለ ስለሆነ አየር ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ውስጥ ይታሰራል። የመኪናውን ፊት በክሪክ ከፍ አድርጎ መሙላትና ቴርሞስታቱ ላይ 3 ሚሊሜትር ቀዳዳ መብሳት ይህን ይፈታል። ሞተሩ አሁንም ከጋለ፣ ራዲያተሩን ከመውቀስ በፊት የፓምፑ መዞሪያ አቅጣጫ ከቺንጊያው (ፓምፑን ከሚያዞረው ቀበቶ) አሠራር ጋር መስማማቱን፣ እንዲሁም ከቴስታታው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ወደ ኩላንቱ የሚያመልጥ ጭስ መኖር አለመኖሩን ከሰማያዊ ወደ ቢጫ በሚለወጠው የመመርመሪያ ፈሳሽ ማየት ያስፈልጋል።

አሉሚኒየምን ቶሎ የሚበላው በኩላንቱ ውስጥ የሚያልፍ የኤሌክትሪክ ፍሰት ነው። የቮልቲሜትሩን አንድ ጫፍ ከባትሪው ኔጋቲቭ፣ ሌላውን ጫፍ ብረት ሳያስነኩ ከኩላንቱ ጋር ሲያገናኙ ከ0.3 ቮልት በላይ ከታየ የማሳ ሽቦዎቹ (ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለሱት) መፈተሽ አለባቸው፤ የፋኑን ማሳ በቀጥታ ወደ ባትሪው ካሰርኩ ወዲህ የእኔው ከ0.1 በታች ነው። ብየዳው እስካሁን አላንጠባጠበም። የማይመቸኝ የማፍሰሻ ቡሽ አቀማመጥ ነው፤ ከሻሲው ተሻጋሪ ብረት በላይ በመሆኑ ኩላንት በተለወጠ ቁጥር ፈሳሹ ብረቱ ላይ ይፈስሳል።