ሳሙናና ውሃ ወይስ አልኮል? በጅማ ዋርዶች ለምትሠሩ

በጅማ ሆስፒታሎች ለምትሠሩ ነርሶችና ሐኪሞች ስለ እጅ ማጽዳት ይህን የምጽፈው ጉዳዩ የታካሚ ሕይወት ስለሆነ ነው።

በሳሙናና በውሃ መታጠብ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይፈጃል። በአልኮል ማሸት ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይበቃዋል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ግን አንዲት ነርስ ታካሚ ከመንካቷ በፊትም ከነካች በኋላም እጇን ማጽዳት አለባት። ሲንኩ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ከሆነ፣ ውሃውም ከጠፋ፣ እንዴት ትመላለሳለች? አልኮሉ ግን አልጋው አጠገብ ይቀመጣል፤ ኪስም ይገባል። ግሊሰሪን ካለበት ቆዳን ብዙ አያደርቅም። ለልማድ የሚመቸው እሱ ነው፤ ለዕለት ተዕለት ሥራ እኔ አልኮሉን እመርጣለሁ።

ሳሙና የግድ የሚሆንበት ጊዜም አለ። እጅ ላይ ደም ወይም የሚታይ ቆሻሻ ካለ አልኮል ብቻውን አይበቃም። ከባድ ተቅማጥ የሚያመጣው ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል የተጠረጠረ እንደሆነም መታጠብ ነው፤ የዚህን ባክቴሪያ ስፖር፣ ማለትም ጠንካራ ሽፋን ያለውን ቅርጹን፣ አልኮል አይገድለውም። ጓንት የሁለቱም ምትክ አይደለም። ሲወልቅ እጅ ይጸዳል።

የዋርድ ኃላፊዎች፣ እባካችሁ ጠርሙሱ ባዶ ሆኖ እንዳይውል የሚከታተል ሰው መድቡ። ራውንድ ላይ፣ ታካሚዎች በየአልጋቸው ሲታዩ፣ ሲኒየር ሐኪሙ ቀድሞ እጁን ካሸ ተለማማጅ ሐኪሞቹ፣ ኢንተርኖቹም ይከተሉታል።