ቤት ውስጥ የሠራሁት የፊልም ስካነር፦ ከወራት በኋላ

የቤተሰባችንን የሱፐር 8 ፊልሞች (8 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የቤት ውስጥ መቅረጫ ፊልም) ወደ ዲጂታል የምቀይርበትን ማሽን ራሴ ሠርቼ መጠቀም ከጀመርኩ ወራት አልፈዋል። እንደኔ መሥራት ለሚያስብ ሰው የምመክረው፣ ከካሜራው ይልቅ ፊልሙ ስለሚሄድበት መንገድ እንዲጨነቅ ነው።

ካሜራው ብዙ አያስቸግርም። የራስበሪ ፓይ (ትንሿ ኮምፒውተር) 12.3 ሜጋፒክስል ካሜራ ከጥሩ ማክሮ ሌንስ (በጣም ቀርቦ የሚያነሳ) ጋር፣ ስፋቷ 6 ሚሊ ሜትር ለማይሞላ ፍሬም (ፊልሙ ላይ ላለች አንዲት ምስል) በቂ ነው። መብራቱ ነጭ ኤልኢዲ ነው፤ ብርሃኑ እኩል እንዲሰራጭ ወተት የመሰለ ፕላስቲክ ፊቱ ላይ አድርጌበታለሁ። የድሮ ፕሮጀክተር አምፖል ቆሞ የቀረ ፊልም ያቃጥላል። ይሄኛው ስለማይግል ፍሬሟ የፈለገውን ያህል ብትቆም ምንም አትሆንም።

ፊልሙ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ኮዳክ እ.ኤ.አ. በ1965 ያወጣው ሱፐር 8 አሲቴት በሚባል የፕላስቲክ ዓይነት ላይ የተሠራ ነው። አሲቴት ሲያረጅ ይኮማተራል። ፊልሙ ጠርዝ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ይቀራረቡና ከፕሮጀክተር ጥርስ ጋር አልገጥም ይላሉ፤ በግድ ሲጎተት ይቀደዳል። ስለዚህ ማሽኑ ላይ ጥርስ የሚባል ነገር የለም። ስቴፐር ሞተር (በትንንሽ እርምጃ የሚዞር ሞተር) የሚያዞረው የጎማ ሮለር ፊልሙን ቀስ አድርጎ ይስበዋል። ሶፍትዌሩ ደግሞ ፎቶው ላይ ቀዳዳዋን ፈልጎ ፍሬሟን በእሷ ልክ ያስተካክላል። ምስሉ አይዘልም። በፕላስተር የተጣበቀ ቦታ እንኳን ሳይነካካ ያልፋል።

በጣም የደከምኩበት የብርሃን ልዩነት ነው። የጥምቀት ቀን፣ ቀትር ላይ የተቀረጸ ጥቅል አለን። ነጠላው ቦግ ብሎ ነጭ፣ ጥላ ሥር ያሉት ፊቶች ጥቁር ብለዋል። አንድ ፎቶ ሁለቱንም አይዝም። አሁን እያንዳንዷን ፍሬም ሁለቴ አነሳለሁ፤ አንዱ ለነጠላው፣ አንዱ ለፊቱ። ሁለቱ ሲዋሃዱ የጥለቱ ክርም የአያቴ ፈገግታም አብረው ይታያሉ። ለዚህ ብቻ እንኳን ማሽኑን መሥራቴ ያስደስተኛል።

ፍጥነት አትጠብቁ። 15 ሜትር ጥቅል 3600 ገደማ ፍሬም አለው። አንዷ ሁለት ሰከንድ ከወሰደች ሁለት ሰዓት ማለት ነው። ጥሬ ፋይሉን (ካሜራው ያነሳውን ሳይጨመቅ) ካስቀመጣችሁ፣ ለእያንዳንዷ ፍሬም አንድ ፎቶ ብቻ ቢሆን እንኳን ጥቅሉ ከ60 ጊጋባይት በላይ ይይዛል። ዲስክ ግዙ። መብራት ቢሄድም ፕሮግራሙ ካቆመበት ፍሬም ይቀጥላል።

ቤታችሁ ያለውን የፊልም ቆርቆሮ ስትከፍቱ አቼቶ አቼቶ ከሸተተ፣ አሲቴቱ መበላሸት ጀምሯል። ያንን ከሌሎቹ ለዩት፤ ከሁሉም በፊት እሱን ስካን አድርጉ።