«ውሃ አያስገባም» ተብሎ የተሸጠልኝ ካሜራ

ጎበዝ፣ በተለይ የድሬና የሐረር ፎቶ አንሺዎች፣ ይቺን ሳታነቡ ካሜራ እንዳትገዙ።

የሠርግ ፎቶ አንሺ ነኝ። ድሬዳዋ ከዚራ ነው የምሠራው። የሱቁን ስም አልጠራም፤ ሰው ለማሳጣትም አይደለም የምጽፈው። ግን ሰሞኑን ሦስት የሙያ ጓደኞቼ «ጅቡቲ ባህር ዳርቻ ልሄድ ነው፣ ውሃ የማያስገባ ካሜራ አገኘሁ» አሉኝ። የተነገራቸውን ስሰማ ለእኔ ከተነገረኝ አንድ ቃል አይጎድልም። ዝም ብል ኃጢአት ይሆንብኛል።

የድሬ ሰው ለጅቡቲ ባዳ አይደለም። ሐዲዱ ከዚያ ተነስቶ እዚህ የደረሰው በፈረንጆቹ 1902 ነው፤ ከተማችን ራሷ የባቡሩ ልጅ ናት። እኔ ግን እስከ ዘንድሮ ባህር አይቼ አላውቅም ነበር። የሠርግ ወቅት ሲያልቅ በባቡር ወርጄ የታጁራን ባህረ ሰላጤ ላነሳ ቆረጥኩ። የድሮው ካሜራዬ አርጅቷል። አዲስ ነገር ፈለግኩ።

ጥር ላይ አንድ ሱቅ ገባሁ። መስኮቱ ላይ ካኖን 80ዲ ተቀምጧል። ቦዲው (ያለ ሌንሱ ያለው የካሜራው አካል) ላይ ሰማያዊ ወረቀት ተለጥፏል፤ በእጅ ጽሑፍ «ውሃ የማያስገባ» ይላል። ከ18-135 ሚሊሜትር ዙም ሌንስ፣ ፊልተር (ሌንስ ፊት የሚታሰር መስታወት)፣ ትራይፖድ፣ ሚሞሪና ቦርሳ ጋር 135 ሺህ ብር።

«አቦ፣ ይሄ ዌዘር ሲልድ ነው» አለኝ ሻጩ ልጅ፤ እርጥበትና አቧራ እንዳይገባው የተደፈነ ማለቱ ነው። «ዝናብ ላይ በለው፣ ባህር ላይ በለው፣ ከፈለግክ ቧንቧ ስር አድርገው!»

ቧንቧው እዚያው በር ላይ ነበር። «እስኪ አድርገው» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። በዋጋው ስከራከር ዋናውን ረሳሁት። 118 ሺህ ላይ ተስማማን፤ ሻይ አስመጣልኝ፤ ሰውዬውን የጎዳሁት መስሎኝ እየተሸማቀቅኩ ወጣሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። «ስንት ተተኩሷል?» ስለው አንድ ፎቶ አንስቶ የፋይሉን ቁጥር አሳየኝ። 3120 ይላል። «ያው፣ ሦስት ሺህ ብቻ! አዲስ ማለት ነው።» እኔም አመንኩ። በአሥር ዓመት የሥራ ልምዴ! የፋይል ቁጥር 9999 ሲደርስ ተመልሶ ከ0001 ይጀምራል። አምስት ጊዜ ዞሮ ይሁን አሥር ጊዜ ከቁጥሩ አይታወቅም። ኒከን ሲሆን ትክክለኛው የሸተር ቁጥር (የካሜራው መጋረጃ ስንት ጊዜ ተከፍቶ ፎቶ እንዳነሳ የሚቆጥረው) ራሱ ፎቶው ውስጥ ተጽፎ ስለሚገኝ ኮምፒውተር ላይ ይነበባል። ካኖን ግን በአብዛኛው ካሜራውን በኬብል ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ በፕሮግራም ማንበብ ይጠይቃል። ሻጩ «አያስፈልግም» ካለ እናንተም «ካሜራው አያስፈልገኝም» በሉት።

ወደ ባህሩ ልመለስ።

የሄድኩት የካቲት መጀመሪያ ነው። ድሬ ያን ጊዜ ደረቅ ስለሆነች ዝናብ በሐሳቤም አልነበረም። የጅቡቲ ዳርቻ ግን የእኛ ግልባጭ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚዘንበው ጥቂት ቢሆንም፣ ያቺው ጥቂት በአብዛኛው የምትመጣው በብርድ ወራት ነው። ከምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስም ያኔ እርጥብ ነው። በክረምት ብትሄዱ ደግሞ ካምሲን የሚሉት ከበረሃ የሚመጣ ትኩስ ነፋስ አቧራውን ይዞ ይጠብቃችኋል። የከተማችን ወንዝ ደቻቱ ከአሸዋነት ወደ ጎርፍ በአንዴ ሲቀየር አይተን ያደግን ሰዎች ሰማይን ማመን አልነበረብንም። የ1998ቱን ጎርፍ የሚረሳ የለም።

መጀመሪያ ቀን ጠዋት በኤሲ በቀዘቀዘ ክፍሌ ያደረውን ካሜራ ይዤ ወጣሁ። ገና በሩ ላይ ሌንሱ ላቦት ነጭ ሆነ። ይሄ እንኳ የካሜራው ጥፋት አይደለም። ቀዝቃዛ መስታወት እርጥብ ሙቅ አየር ሲያገኝ ያልበዋል። መፍትሔው ካሜራውን ክፍል ውስጥ እያለ በፌስታል ጥብቅ አድርጎ አስሮ፣ ውጭ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይከፍቱ ማቆየት ነው። ላቡ ፌስታሉ ላይ ይቀራል። ሌንሱን በጨርቅ ብትጠርጉት ተመልሶ ይጨልማል፤ እኔ አራት ጊዜ ሞክሬዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ አርታ ፕላዥ ከሚባለው ዳርቻ ነበርኩ። ሰማዩ ግማሹ ጥርት፣ ግማሹ ጥቁር። እንዲህ ያለ ብርሃን በዓመት አንዴ ነው የሚገኘው። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አድርጌ፣ ሸተሩን ግማሽ ሴኮንድ ላይ አውርጄ፣ ማዕበሉ ከድንጋዩ ሲመለስ እንደ ነጠላ ጥለት የሚዘረጋውን አነሳሁ። እነዚያ ፎቶዎች ዛሬም አሉኝ። እጅግ ያማሩ ናቸው። ስለ እውነቱ፣ 118 ሺህ ብሩ ሲካፈልባቸው ውድ ናቸው እንጂ።

ከዚያ ነፋሱ ተነሳ። ካፊያ መጣ። ካፊያው ከላይ፣ የማዕበሉ ፍንጣሪ ከፊት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጃኬቴን አውልቄ እሸፍነው ነበር። «ውሃ አያስገባም» ብሎኛልና ቆሜ ማንሳቴን ቀጠልኩ። ሌንሱን እያስረዘምኩ፣ እያሳጠርኩ። ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። ስክሪኑ ላይ «ኤረር 01» የሚል ጽሑፍ መጣ። አጠፋሁት፣ አበራሁት። ያው። ሌንሱን ነቅዬ ሳየው፣ ቦዲውና ሌንሱ የሚገናኙበት የብረት ቀለበት ላይ ሦስት የውሃ ጠብታ ቁጭ ብሏል። ጣቴን አስነክቼ ቀመስኩት። ጨው።

«ኤረር 01» ማለት ካሜራውና ሌንሱ መነጋገር አቅቷቸዋል ማለት ነው። የሚነጋገሩት ከሌንሱ ኋላ በተደረደሩት ትንንሽ ወርቃማ ነጥቦች ነው። ድሬ እስክመለስ ነጥቦቹ ዳር ዳር አረንጓዴ ዝገት አብቅሏል። ሩዝ ውስጥ ክተተው ያላችሁኝ ወዳጆቼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ሩዝ ግን ጨው አያወጣም። ውሃው ቢደርቅ እንኳ ጨው ይቀራል። ጨው ደግሞ ከአየር እርጥበት እየሳበ መብላቱን ይቀጥላል። በአንድ ሊትር የባህር ውሃ ውስጥ ወደ 35 ግራም ጨው አለ። አንዱ ጓደኛዬ «ውሃ የማያስገባውን» ይዞ ሊሄድ ያሰበው ደግሞ እዚያው ጅቡቲ ያለው አሳል ሐይቅ ነው። ከባህር ጠለል 155 ሜትር ዝቅ ያለ፣ ከባህር አሥር እጥፍ ገደማ ጨዋማ የሆነ ሐይቅ!

አዲስ አበባ ላለ ጠጋኝ ላክሁት። ከፍቶ በስልክ እንዲህ አለኝ፦ «ወንድሜ፣ ቦዲው ደህና ነው፤ የገባው በሌንሱ ነው። ይሄ ሌንስ እኮ ጎማ የለውም።»

ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው፤ በደንብ አንብቡልኝ። 80ዲ አቧራና ጠብታ እንዲቋቋም ተደርጎ የተሠራ ቦዲ ነው። ይሄ እውነት ነው። ሻጩ ውሸታም የሚሆነው ከዚህ በኋላ ነው። ቦዲ የቱንም ያህል ቢደፈን፣ ፊቱ ላይ የምትሰኩት ሌንስ ካልተደፈነ በሩ የተከፈተ ቤት ነው። የተደፈነ ሌንስ ኋላውን ገልብጣችሁ ስታዩት፣ የብረት ቀለበቱን ዙሪያ የከበበች ቀጭን ጥቁር ጎማ አለችው። በጥፍራችሁ ነካ ስታደርጓት ትለጠጣለች። 18-135 ላይ የለችም። 50 ሚሊሜትሩ ርካሽ ሌንስ ላይም የለችም። ጎማዋ ያለቻቸው በአብዛኛው ውድ የሆኑት፣ ካኖን ከሆነ ቀይ ቀለበት ያላቸው ናቸው። ከእነሱም እንደ 17-40 ያሉት ፊት ለፊታቸው ፊልተር ካልታሰረ ሙሉ በሙሉ አይዘጉም። ሌላም አለ። የእኔው ሌንስ ዙም ሲደረግ እየወጣ እየገባ የሚረዝም ዓይነት ነው። ስታስረዝሙት አየር ይስባል፤ አየሩ እርጥብና አቧራማ ከሆነ እሱንም ይስባል። እንደ አንጥረኛ ወናፍ ማለት ነው። እኔ በካፊያ መሃል ቆሜ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ወናፍ ስነፋ ነበር።

የተደፈነ ካሜራ ራሱ ውሃ የማያስገባ ማለት አይደለም። ካኖን በመመሪያ መጽሐፉ ካሜራው ውሃ እንደሚያስገባ፣ ውሃ ውስጥም እንደማይሠራ በግልጽ ጽፏል። ስለዚህ ሻጭ «ዋተር ፕሩፍ» ሲላችሁ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፦ «አይፒ ስንት ነው?» አይፒ ዕቃው አቧራና ውሃ መቋቋሙ የሚለካበት ደረጃ ነው። ስልካችሁ አይፒ 67 ወይም አይፒ 68 የሚል ነገር ሊኖረው ይችላል። የመጀመሪያው ቁጥር አቧራ ነው፣ 6 ጣሪያው ነው። ሁለተኛው ውሃ ነው። 7 ከሆነ አንድ ሜትር ጥልቀት ውስጥ ሠላሳ ደቂቃ ተፈትኗል ማለት ነው። ፈተናውም በንጹሕ ውሃ ነው፣ በባህር አይደለም። እንዲህ ያለ ሌንስ የሚቀየርለት ካሜራ ላይ በአብዛኛው የአይፒ ቁጥር ጨርሶ አታገኙም። በእጅ የተጻፈ ሰማያዊ ወረቀት ግን ታገኛላችሁ።

ወደ ሱቁ ተመለስኩ። እውነት ለመናገር ልጁ በትሕትና ነው ያናገረኝ።

«ውሃ ገብቶበታል ወንድም። ውሃ የገባበት በዋስትና አይሸፈንም።»

«ውሃ አያስገባም ብለኸኝ አልነበር?»

«አቦ፣ ውሃ አልኩ እንጂ ባህር አልኩህ?»

የዋስትና ወረቀቱን አወጣሁ። የአንድ ዓመት ዋስትና ይላል። ከታች በደቃቅ ፊደል «ውሃ ለነካው ዕቃ ኃላፊነት አንወስድም» ይላል። አስቡት፤ ከላይ ውሃ የማያስገባ ብሎ እየሸጠ ከታች ከውሃ ያመልጣል። ይህን ወረቀት ሳልከፍል በፊት ባነብ ኖሮ ሌላው ምርመራ ሁሉ አያስፈልገኝም ነበር።

ደረሰኙስ? በእጅ የተጻፈ ነው። «ካሜራ 1» ይላል፤ አለቀ። ሞዴል የለ፣ ሴሪያል ቁጥር የለ፣ ስለ ውሃ የተባለው የለ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ብሩ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጣል። ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተብሎ ስለተለጠፈ ብቻ መብታችሁ ቀረ ብላችሁ አትመለሱ። እኔ ግን ካሜራውን ገዝቼ «ለባህሩ ይቆየኝ» ብዬ ከነካርቶኑ ቁምሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። ሦስት ሳምንት። ቀኑን ራሴ ነኝ ያሳለፍኩት። የገዛችሁ ዕለት ማታ አውጡት፣ ሌንሱን ገልብጡ፣ ሚሞሪውን እስከ አፉ በቪዲዮ ሙሉትና ፋይሎቹ ኋላ ይከፈቱ እንደሆነ እዩ። የእኔው 128 ጊጋ የሚለው ሚሞሪም ከተወሰነ መጠን በኋላ የሚጽፈውን ይበላ እንደነበር ያወቅኩት ኋላ ነው። እሱን ተውት፣ ከካሜራው ሐዘን አንጻር ሣንቲም ነው። ደረሰኝ ላይ ደግሞ ሻጩ በአፉ ያለውን በእጁ አስጽፉት። «ውሃ የማያስገባ» ብሎ መጻፍ ካቃተው መልሱን አግኝታችኋል።

ያለ ውድ ሌንስ ባህር ዳርቻ ላይ ፎቶ አይነሳም እያልኩ አይደለም። አሁን የድሮውን ካሜራዬን ይዤ ነው የምሄደው። አንድ ጠንካራ ፌስታል እወስዳለሁ፣ ቂጡን በሌንሱ ልክ እቀድዳለሁ፣ የሌንሱ ጥላ (ሌንሱ ፊት የሚገጠመው ክብ ከለላ) ላይ በላስቲክ አስረዋለሁ። እጄን በፌስታሉ አፍ አስገብቼ እተኩሳለሁ። ሰው ይስቃል፤ ይሳቅ። ሌንስ ዳርቻ ላይ አልቀይርም። ፍንጣሪ ሲነካኝ መጀመሪያ አሸዋውን በመንፊያ አነሳለሁ፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ በረጠበ ለስላሳ ጨርቅ አብሳለሁ። በደረቅ ጨርቅ የጠረገ ሰው መስታወቱን በአሸዋ ወረቀት እንደፈተገ ይቁጠረው። የትራይፖዱን እግር ማታ ሆቴል ስደርስ በቧንቧ ውሃ አጥባለሁ። የላስቲኩና የፌስታሉ ወጪ ከአንድ ሻይ አይበልጥም። እግረ መንገዴን፦ ጅቡቲ ወደቡንና ወታደራዊ ሰፈሮችን ማንሳት ክልክል ነው፤ ካሜራ በውሃ ብቻ አይደለም የሚጠፋው።

ሌንሱ አልዳነም። ቦዲው ጠጋኙ ዘንድ ነው። ትናንት በዚያ ሱቅ በኩል በባጃጅ ሳልፍ አንገቴን አዙሬ አየሁ። መስኮቱ ላይ ሌላ ካሜራ ተቀምጧል። ሰማያዊው ወረቀት ያው ራሱ ነው፣ ጥጉ የተቀደደው። ዋጋው በ7 ሺህ ብር ጨምሯል።