ያገለገሉ ቀፎዎች በድሬዳዋ፦ 45,000 ብር ተጠርቶ 16,500 የከፈልኩበት ስሌት

ንብ ማነብ ያቆመ ሰው ዕቃ በቀፊራ ገበያ አቅራቢያ ባለ አንድ አሮጌ ዕቃ መሸጫ መቀመጡን ሰምቼ በደንገጎ በኩል ከሐረር ወረድኩ። የቀረቡት ስምንት ባለ ፍሬም ቀፎዎች (ፍሬም ንብ የማር እንጀራዋን የምትሠራበት ተነቃይ የእንጨት ማዕቀፍ ነው)፣ በእጅ የሚዞር የማር ማውጫ፣ አንድ ማጨሻ፣ አንድ መሮ እና ሁለት የንብ ልብስ ሲሆኑ ለሁሉም በአንድ ላይ 45,000 ብር ተጠራ። እኔ አዲስ ቀፎ በ4,000 ብር አሠራለሁ፤ ስለዚህ ደህና ለሆነ አሮጌ ቀፎ ከግማሹ በላይ ላለመክፈል ወስኜ ነበር የሄድኩት።

ዋጋን በቀፎ ቁጥር ማስላት ግን ያሳስታል። በአገራችን ዘመናዊ ቀፎ በብዛት የሚሠራው ዛንደር በሚባለው የቀፎ ዓይነት ልክ ሲሆን ፍሬሙ 420 በ220 ሚሊ ሜትር ነው። ከስምንቱ ሁለቱ ፍሬማቸው 448 በ232 የሆነ ላንግስትሮት የተባለ ሌላ ዓይነት ሆነው ተገኙ። የሁለቱ ፍሬሞች የላይኛው መስቀያ እንጨት የሚለያየው በ5 ሚሊ ሜትር ብቻ በመሆኑ የዛንደሩ ፍሬም በላንግስትሮት ሣጥን ውስጥ በደንብ ተንጠልጥሎ ይታያል፤ ሻጩም ይህንኑ አሳየኝ። በሜትር ስለካው ግን በፍሬሙ ጎንና በሣጥኑ ግድግዳ መካከል 22 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት አገኘሁ። ንብ መተላለፊያ አድርጋ የምትተወው ከ6 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ያለውን ብቻ ነው፤ የጠበበውን በፕሮፖሊስ (ከዛፍ ሙጫ በምታዘጋጀው ማጣበቂያ) ትደፍናለች፣ የሰፋውን በማር እንጀራ ትሞላለች፤ ያን ጊዜ ፍሬሙ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ያለ ቢላ አይወጣም። ሁለቱን ተውኳቸው። በሦስተኛው ወለል ላይ የቢላ ጫፍ ስጫነው እንደ ቅቤ ገባ፤ የዚህን ሣጥንና ክዳን ብቻ በ700 ብር ወሰድኩ።

የበለጠ የተከራከርነው በአሮጌው እንጀራ ላይ ነው። ሻጩ፣ «አቦ፣ ሰፈፉ ብቻውን ገንዘብህን ይመልስልሃል» አለኝ። እጭ በተደጋጋሚ ያደገበት ጥቁር እንጀራ ግን አብዛኛው የእጭ ልባስ እንጂ ሰም አይደለም፤ ግማሹንም የሰም ትል በልቶታል። ለዚህ ምንም አልከፈልኩም። «ንቡ ኮብልሎ ነው ወይስ እዚያው ሞቶ?» ብዬ ስጠይቀው እንደማያውቅ በግልጽ ነገረኝ፤ ይህን በበጎ እቆጥርለታለሁ። በሐረርጌ ለጫት የሚረጨው ኬሚካል ንብ ስለሚፈጅ ባዶ ቀፎ ሁሉ የበሽታ ምልክት አይደለም። ቢሆንም በእንጀራው ቀዳዳዎች ታችኛ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ የደረቀ ጥቁር ቅርፊት እንዳለ አንድ በአንድ ፈለግሁ፤ የአሜሪካን ፋውል ብሩድ የተባለው እጭ የሚያበሰብስ የንብ በሽታ ምልክት ነውና። የዚህ በሽታ ስፖር (የባክቴሪያው ዘር) በእንጨት ላይ ለአሥርት ዓመታት ስለሚቆይ አንድ ቅርፊት ባገኝ ኖሮ ቀፎዎቹን በነፃም አልነካቸውም ነበር። ንጹሕ ሆነው ስላገኘኋቸው አምስቱን ደህና ቀፎዎች በ2,000 ብር ሒሳብ ወሰድኩ፤ ለጥንቃቄ ያህል ውስጣቸውን በእሳት ለብልቤአለሁ።

ማር ማውጫው ስቴንለስ (የማይዝግ ብረት) ነው ተብሎ ለእሱ ብቻ 12,000 ብር ተተምኖ ነበር። የያዝኩት ማግኔት ግን ልጥፍ አለ፤ በበርሜሉ ውስጥም ነጭ ዱቄት የመሰለ ነጠብጣብ ይታያል። በዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮ ነው ማለት ነው፤ የማር አሲድ ዚንኩን ስለሚበላው በዚህ በርሜል ማር አላወጣም። ጥርሶቹና ማዞሪያው ግን ጤነኛ ስለሆኑ በርሜሉን ማስቀየር እንደሚያዋጣ አስልቼ 5,000 ብር ሰጠሁ። ልብሶቹ የፊት መረባቸው የተቀደደ ስለሆነ አልፈለግኋቸውም።

ሻጩ ለየብቻ አልሸጥም ብሎ ጥቂት ቢያስቸግርም ሁሉንም እንድከፍት፣ እንድለካና እንድወጋ ያለ ችኮላ ፈቅዶልኛል፤ ደረሰኝ ግን አይሰጥም። ለማጨሻውና ለመሮው 800 ብር ጨመርኩ። ያን ሁሉ ስመረምር ቆይቼ ማጨሻውን ብቻ ሳልነፋው ከፈልኩ፤ ሐረር ገብቼ ስሞክረው ወናፉ የተቀደደ ሆኖ ተገኘ።