ቀጣዩ ሞጁል የትኛው ይሁን? ፕሌትስ፣ ማትስ ወይስ ኳድ ቪሲኤ

በሞዱላር ሲንተሳይዘር (በገመድ ከሚያያዙ ሞጁሎች በሚገነባ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ መሣሪያ) ኬዝ ላይ ትንሽ ባዶ ቦታ ሲቀር ልብ ወዲያው ወደ አዲስ ኦሲሌተር፣ ማለትም ድምፅ ወደሚያመነጭ ሞጁል፣ ያዘነብላል። የእኔም አዘንብሏል። ሦስት ኦሲሌተር ደርድሬ ስጨርስ በእጄ የቀረው ያለማቋረጥ የሚጮህ ሦስት ድምፅ ነበር፤ መቼ ተነስቶ መቼ እንደሚወርድ የሚያዘው ነገር አልነበረም። ስለዚህ ከታች ያሉትን ሦስት ሞጁሎች የማወዳድረው በአንድ ጥያቄ ነው፦ አሁን ባላችሁ ላይ ሲጨመር ምን ይለወጣል?

ሦስቱም ዩሮራክ በሚባለው የሞጁሎች መጠንና ኃይል መስፈርት የተሠሩ ናቸው። ስፋታቸው ግን ይለያያል፦ የሙታብል ኢንስትሩመንትስ ፕሌትስ 12 ኤችፒ፣ የሜክ ኖይዝ ማትስ 20 ኤችፒ፣ የኢንተሊጄል ኳድ ቪሲኤ 12 ኤችፒ። አንድ ኤችፒ 5.08 ሚሊሜትር ስለሆነ ማትስ አሥር ሴንቲሜትር ያህል፣ ሁለቱ ደግሞ እያንዳንዳቸው ስድስት ሴንቲሜትር ያህል ይወስዳሉ።

ፕሌትስ በ2018 የወጣ ኦሲሌተር ነው። ሲወጣ 16 የድምፅ ዓይነቶች ነበሩት፤ በኋላ በሶፍትዌር ማሻሻያ 24 ሆኑ። ከተለመደው የሞገድ ድምፅ ጀምሮ እስከ ክርና እስከ ከበሮ ድረስ ይሄዳል። ትልቁ ጥቅሙ ግን ሌላ ነው፦ የራሱ ሎው ፓስ ጌት፣ ማለትም ድምፁን የሚከፍት፣ የሚያደበዝዝና የሚዘጋ ክፍል፣ በውስጡ አለ። ትሪገር (አጭር የቮልት ምት) ስትሰኩበት እንደተመታ ነገር ጮኾ ይበርዳል፤ ኢንቨሎፕም (የድምፁን መነሣትና መውረድ የሚቀርጽ ቮልት) ቪሲኤም (በቮልት የሚታዘዝ የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያ) ሳይኖራችሁ የመጀመሪያውን ዜማ መጫወት ትችላላችሁ። ድርጅቱ በ2022 ሥራውን ቢያቆምም ንድፉና ኮዱ ለሁሉም ክፍት ስለነበር ሌሎች ሠሪዎች አሁንም ያመርቱታል፤ ጠበብ ያሉ ቅጂዎችም አሉ። ድካሙ በኖቦቹ (በሚዞሩት መቆጣጠሪያዎች) ላይ ነው። ሃርሞኒክስ፣ ቲምበርና ሞርፍ የተባሉት ሦስት ኖቦች በየድምፅ ዓይነቱ ሥራቸውን ይቀይራሉ፤ ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል።

ማትስ ላይ ቆም ብዬ ልናገር፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ገዝቶ ከአንድ አሥረኛው በላይ አይጠቀምበትም። አራት ቻነል አለው። አንደኛውና አራተኛው የሚነሣና የሚወርድ ቮልት ይሠራሉ፤ የመነሻውን ጊዜ፣ የመውረጃውን ጊዜና የመስመሩን ጉብጠት እናንተ ትወስናላችሁ። በትሪገር ብታስነሡት ኢንቨሎፕ ነው፣ በራሱ እንዲዞር ብታደርጉት ኤልኤፍኦ (ሌላውን ነገር ቀስ እያለ የሚያወዛውዝ ሞገድ) ነው። አንድ ዙር እስከ 25 ደቂቃ ሊረዝም ይችላል፤ ፍጥነቱ ደግሞ እስከ 1 ኪሎኸርዝ ስለሚደርስ ራሱ ድምፅ ይሆናል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ቻነል የገባውን ቮልት ይቀንሳሉ ወይም ይገለብጣሉ፦ ኖቡ መሃል ላይ ሲሆን ምንም አይወጣም፣ ወደ ቀኝ እንዳለ፣ ወደ ግራ ተገልብጦ ይወጣል። ምንም ካልተሰካባቸው 10 እና 5 ቮልት ይሰጣሉ። የአራቱም ድምር በአንድ ጃክ ይወጣል። የአንደኛውን ቻነል የመነሻ ማብቂያ ምልክት አራተኛውን እንዲያስነሣ ስሰካው አንዱ ለሌላው ተራ እየሰጠ ሲሄድ፣ መብራቶቹ እየተቀባበሉ ሲበሩ ሳይ፣ ያን ምሽት ኬዙ አጠገብ ስንት ሰዓት እንደቆየሁ አላስታውስም። ቅሬታዬ ፓነሉ ነው፤ ሥዕሉ ያምራል፣ ለአዲስ ሰው ግን አይነበብም። መመሪያው ታትሞ አጠገባችሁ ይኑር።

ኳድ ቪሲኤ ብቻውን ድምፅ አያወጣም፤ ስለዚህም ሰው ያልፈዋል። ቪሲኤ በቮልት የሚከፈትና የሚዘጋ ቧንቧ ነው፣ እዚህ አራት አሉ። ድምፅን መክፈትና መዝጋት ግማሹ ሥራው ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ በቮልት ላይ የሚሠራው ነው፦ ኤልኤፍኦውን በቪሲኤ አሳልፋችሁ ወደ ኦሲሌተሩ ብትልኩና ቪሲኤውን ቀስ ብሎ በሚነሣ ኢንቨሎፕ ብትከፍቱ፣ ድምፁ መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ቆየት ሲል ደግሞ እንደ ዘፋኝ ጉሮሮ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ይህን አንዴ የሰማ ሰው ሁለት ቪሲኤ አይበቃውም። በዚያ ላይ ገመዱን ከአራተኛው መውጫ ብቻ ብትወስዱ አራቱም ተደባልቀው ስለሚወጡ የሚክሰርም ሥራ ይሠራል።

እንግዲህ ምርጫው። ምንም ድምፅ ምንጭ ለሌለው ፕሌትስ፣ ያለ ክርክር። ፕሌትስ ያለው ቀጥሎ ማትስ ይግዛ፤ የማትስን መውጫ በፕሌትስ ሌቭል መግቢያ ላይ ሲሰካ ድምፁን ያለ ሌላ ቪሲኤ ይቆጣጠራል። ኦሲሌተር፣ ፊልተር (የድምፁን ቀለም የሚያጣራ ሞጁል) እና ኢንቨሎፕ ኖሮት "ሁሉም ነገር አንድ ዓይነት ይሰማኛል" የሚል ሰው ግን የሚያስፈልገው ኳድ ቪሲኤ ነው። እኔ በዚያ ቦታ ሆኜ አራተኛ ኦሲሌተር ልገዛ ነበር።

ከመክፈላችሁ በፊት ግን የኬዛችሁን ኃይል ቁጠሩ። ማትስ ከፕላስ 12 ቮልቱ 60፣ ከማይነስ 12 ቮልቱ 50 ሚሊአምፔር ይወስዳል፤ ፕሌትስ ደግሞ 50 እና 5። ሁለቱን መስመሮች ለየብቻ ደምሩ፣ ከፓወር ሰፕላዩ አቅም ላይም ሩብ ያህል ትርፍ አስቀሩ። ስትገጥሙ ኃይሉ ይጥፋ፤ የጠፍጣፋው ገመድ ቀይ ጠርዝ በማይነስ 12 ቮልት በኩል ይሁን፣ በሞጁሉም በኬዙም ጫፍ። እኔ አንድ ቀን ቸኩዬ ገልብጬ ሰክቼ የነቃሁት የተቃጠለ ሽታ ሲመታኝ ነው። ከዚያ ወዲህ ገመዱን ከሰካሁ በኋላ ባትሪ አብርቼ ሁለቱንም ጫፍ ሳላይ ማብሪያውን አልነካም።