ቀዳዳ ያልበሳ ድሪል

ድሪል ሻጭ ሁሉ የሚያወራው ስለ ቮልት ነው። ሳጥኑ ላይ «48 ቮልት» ተብሎ በትልቁ ይጻፋል፤ ባትሪውን ገልብጣችሁ ስታዩት ግን በደቃቅ ፊደል 21 ይላል። ትክክለኛው 21ዱ ነው። ውስጡ አምስት የሊቲየም ሴሎች በተርታ ተያይዘዋል፤ አንዱ ሞልቶ ሲያበቃ 4.2 ቮልት ገደማ ስለሚሆን አምስቱ ተደምረው 21 ይሆናሉ፤ ሥራ ሲጀምሩ ወደ 18 ይወርዳሉ። 48ቱ ከየት መጣ ብላችሁ ጠይቁት። «ጋሼ፣ ኃይሉን ለማሳየት ነው» ይላችኋል። ኃይሉን ለማሳየት ከሆነ ለምን 480 አይልም?

እኔ ይህን ዕቃ የማወድሰው አንድም ሻጭ ጣቱን ባላሳረፈበት ነገር ነው፤ ከአፉ ኋላ ባለው ቁጥር በተጻፈበት ቀለበት።

ቁርስና ቡና የምሸጥባት አሮጌ ካራቫን አለችኝ። በገበያ ቀን ከደብረ ማርቆስ ተነሥቼ ወደ አማኑኤል፣ ወደ ደምበጫ፣ አንዳንዴም እስከ ፍኖተ ሰላም በፒክአፕ እጎትታታለሁ። ቦታ ስትይዝ አራቱ የማዕዘን እግሮቿ መውረድ አለባቸው፤ አለዚያ ሰው በገባና በወጣ ቁጥር ትወዛወዛለች፣ ሲኒውም ረከቦቱ ላይ ይንኳኳል። እያንዳንዱ እግር በረጅም ጥርሳም ብረት ይወርዳል፤ የብረቱ ራስ ባለ ስድስት ማዕዘን፣ 19 ሚሊ ሜትር ነው። በእጅ ማዞሪያ አራቱን ጎንበስ ብሎ ማውረድ ወገብ ይቆርጣል። ድሪሉ ላይ ማስረዘሚያና የ19 ቡሶላ (የብረቱን ራስ የሚውጠው ቁልፍ) ከተገጠመ ውኃው ሳይፈላ ሥራው ያልቃል። ይህን ማንም ድሪል ያደርገዋል።

ልዩነቱ ማዞሩን በጊዜው ማቆሙ ላይ ነው። የካራቫን እግር ክሪክ አይደለም፤ የተሠራው ለመደገፍ እንጂ ለማንሣት አይደለም። መጀመሪያ ዝቅ ባለው ጎን ጎማ ሥር እንጨት አስገብቶ፣ በፊተኛው ትንሽ ጎማ ደግሞ ፊትና ኋላዋን አስተካክሎ ማቆም፣ ከዚያ በኋላ እግሮቹን መሬት ማስነካት ነው። ጉልበት ያለው ሰው በእጁ ሲያዞር መሬት ነክቶም ይቀጥላል፤ አንዱ ማዕዘን ከፍ ይላል፣ ሻሲው ይጣመማል፣ በሩ አልዘጋ ይላል። ቀለበቱ ዝቅተኛ ቁጥር ላይ ሲሆን ግን እግሩ መሬት ነክቶ ሲጠነክር ድሪሉ «ጠክ ጠክ ጠክ» ብሎ ማዞሩን ይተወዋል። አራቱም እግሮች በእኩል ኃይል ይቆማሉ። የእኔ እጅ ግምቱ በጾም ቀንና በፍስክ ቀን ይለያያል፤ ቀለበቱ ጾም አያውቅም።

አንዱ ሻጭ ደግሞ «ጋሼ፣ እየመታ የሚያዞረውን ይውሰዱ፣ የጎማ ዳዶ የሚፈታውን» ሲል ሊያሳምነኝ ደክሟል። ጎሚስታ ይግዛው! ለተጣበቀ የጎማ ዳዶ የተሠራ መሣሪያ የቀጭን እግር ጥርስ ሲደበድብ ቢውል ምን ይተርፋል? ደግሞስ ማቆም ለሚያስፈልግ ሥራ ማቆም የማያውቅ ዕቃ ምን ያደርግልኛል?

ነቀፋ ካስፈለገ አለ። ክብ ዘንግ ያለው ማስረዘሚያ ወደ ኋላ ሲዞር ከአፉ ይንሸራተታል፤ ባለ ስድስት ማዕዘኑን ግዙ። ማርሹን 1 ላይ አድርጉ፤ 2 ላይ ይፈጥናል እንጂ ጉልበቱ ያንሳል። የኋላ እግሮች ጎማው የሚረጨው ጭቃ ደርቆባቸው ስለሚያድር ለማንሣት ቀለበቱ ላይ ከፍ ያለ ቁጥር ይፈልጋሉ። ግራሶ ከመቀባታችሁ በፊት በብሩሽ ጥረጉ፤ አቧራና ግራሶ ሲቀላቀሉ ጥርሱን ይበሉታል።

ቀለበቱን የሚያታልለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የክረምት ዋልካ። እግሩ ጭቃ ውስጥ እየሰመጠ ስለሚሄድ የሚከላከለው ነገር የለም፤ ድሪሉም መሬት ገና ያልደረሰ መስሎት ያዞራል። ብረቱ እስከ መጨረሻው ወርዶ ካራቫኗ ግን ድጋፍ ሳታገኝ ትቀራለች። ከሥሩ ሰፊ ጣውላ ሲደረግለት እንደገና ልክ ይሆናል።

ዋጋው የአንድ የፋሲካ በግ ያህል ነው፤ ባለቤቴ እስከ ዛሬ በጉን ትመርጣለች። እኔ ግን ነገ ቢሰረቅ ከነገ ወዲያ ይህንኑ እገዛለሁ። የእጅ ማዞሪያውም ከፒክአፑ አይወርድም፤ መብራት ሲጠፋ ባትሪ የሚሞላ ሻጭ አላየሁም።

አሁን ደግሞ «ሁለተኛ ባትሪ ይጨምሩ» ይሉኛል። አንዱ ሞልቶ ካደረ ለአራት እግር መውረጃም መውጫም በቅቶ ይተርፋል። በዚያ ብር አራት የባሕር ዛፍ ጣውላ አስቆርጬበታለሁ።